አርባ ምንጭን በሦስት ቀን እንዴት እንደምትጎበኙ

አርባ ምንጭ ለመሄድ ካሰባችሁ ከሆቴሉም ከትኬቱም በፊት የገበያ ቀን ቁጠሩ። እኔ ከከተማዋ በላይ ተራራው ላይ ወዳለችው የሸማኔዎች መንደር፣ ዶርዜ፣ መጀመሪያ የወጣሁት እሁድ ነበር። ገበያው ሜዳ ላይ ኳስ የሚያንከባልሉ ልጆችና ሁለት ፍየሎች ጠበቁኝ። የዶርዜ ገበያ የሚቆመው ሰኞና ሐሙስ ነው፤ ከፍ ብላ ያለችው የጨንቻ ደግሞ ማክሰኞና ቅዳሜ። አንዱን ያዙና ሌላውን በዙሪያው ደልድሉ። ለምሳሌ ሐሙስን እንያዝ።

ማክሰኞ ግቡ። ከአዲስ አበባ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ በመኪና ቀኑን ሙሉ መንገድ ላይ ናችሁ። በአውሮፕላን ግን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ከተማዋ ሁለት ናት ማለት ይቻላል። ታች ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ንግዱና ግርግሩ አለ። ላይ ሴቻ በሚባለው ነፋሱና እይታው አለ። ባጃጅ ሲያመላልስ ይውላል። እኔን ብትጠይቁኝ ሴቻ ገደሉ አፋፍ ላይ እደሩ። ጎህ ሲቀድ በግራ ቀላ ያለውን የአባያ ሐይቅ፣ በቀኝ ሰማያዊውን የጫሞ ሐይቅ፣ መሐላቸው የእግዜር ድልድይ የሚባለውን ከፍ ያለ መሬት ታያላችሁ። ቆላ ነውና ያለ አጎበር አትተኙ።

ረቡዕ ጠዋት ወደ ጫሞ። የጀልባ ዋጋ የሚነገረው ለጀልባው በሙሉ ስለሆነ ብቻችሁን ከሆናችሁ ሆቴላችሁ ውስጥ ጓደኛ ፈልጉ። የምትሄዱት «የአዞ ገበያ» ወደሚባለው ቦታ ነው። ሻጭም ገዢም የለም፤ አዞዎቹ ዳር ወጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። አፉን ከፍቶ ፀጥ ያለ አዞ ብታዩ ሊያስፈራራችሁ አይደለም፤ ሙቀት ሲበዛበት በአፉ ያስወጣል። ቢሆንም እጃችሁን ውሃው ውስጥ አትንከሩ። ጉማሬም በቅርብ ይኖራል።

ምሳ አሳ ነው፤ ሌላ አትዘዙ። ጉላሹም ዱለቱም ጥሩ ነው፣ ከዳጣ ጋር። ከሰዓት ከገደሉ ሥር ወዳለው ደን ውረዱ። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከዚያ ከሚፈልቁት ምንጮች ነው። የነጭ ሣር ፓርክ ሜዳና የሜዳ አህያዎቹ ግን በዚህ ጉዞ ይቅሩባችሁ። 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፣ መንገዱም ጠንካራ መኪና ይፈልጋል። ቸኩላችሁ ብትገቡ አቧራ ቅማችሁ ትመለሳላችሁ።

ሐሙስ ሹራብ ያዙና ዶርዜ ውጡ። አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ጨንቻ 2,700 ገደማ ላይ። ሚኒባሱ ጠመዝማዛውን ሲወጣ ሙዙና ማንጎው ይቀርና እንሰትና ቀርከሃ ይተካል፤ መስኮት መዝጋት ትጀምራላችሁ። ገበያው የሚሞላው ረፋዱ ካለፈ በኋላ ስለሆነ አስቀድማችሁ አንድ ቤት ግቡ። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ይሠራል፣ መልኩም ዝሆን ይመስላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላው ይቆረጥና ቤቱ ያጥራል። ስለዚህ ረጅሙ ቤት አዲሱ፣ አጭሩ ሽማግሌው ነው። እዚያው ቆጮ በኮባ ተጋግሮ በማርና በዳጣ ይቀርብላችኋል። ቀጭኑን ጠይቁ።

ከዚያ ገበያው። የሽሮ ሜዳን ሸማኔዎች የምታውቁ የሙያው አገር ይኼ ነው። እዚህ ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ጋቢ ስትገዙ በዓይን ብቻ አትመኑ። ብዙውን ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር፣ ማጉ የእጅ ፈትል ነው። ጣታችሁን በማጉ አቅጣጫ አሳልፉ፦ እዚህ ወፈር እዚያ ቀጠን ካለና ትናንሽ ጓል ካገኛችሁ የእጅ ፈትል ነው። ሙልጭ ካለ ዋጋው በዚያው ልክ ይውረድ። ድንጉዛ የሚባለውን ባለ ብዙ ቀለም የጋሞ ሽመና ከፈለጋችሁ ቀለሙ ይደምቃል፤ የሚለበስበትን ቦታ ግን ቀድማችሁ አስቡ። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት አስፈቅዱ።

ሳይመሽ ሚኒባስ ያዙ። ጋቢውን ደርባችሁ ትሳፈራላችሁ፤ ሲቀላ ሳትደርሱ አጣጥፋችሁ ጭናችሁ ላይ ታስቀምጡታላችሁ።