የታሪክ ምሁር ለውጭ ፖሊሲ ቲንክ ታንክ ሲሠራ

ከቲንክ ታንክ (ከፖሊሲ ጥናት ተቋም) ግብዣው አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው «ተባባሪ ተመራማሪ» በሚል መጠሪያ ነው። ክፍያ ላይኖረው ይችላል፤ ስምዎ ግን ከተቋሙ ዓርማ ሥር ይወጣል። ስለዚህ አስቀድመው የተቋሙን ዓመታዊ ሪፖርት ያንብቡና ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ይዩ። ለጋሹ በሚጽፉበት ጉዳይ ላይ ጥቅም ካለው፣ ስሙ በጽሑፉ ላይ እንዲገለጽ ይጠይቁ። እምቢ ካሉ ርዕሱን ይተዉት።

ውሉ ውስጥ ሁለት ነገር ያስገቡ፦ ማስረጃውን በሳይንሳዊ መጽሔት መልሶ የማሳተም መብት፣ እና አርታኢው መደምደሚያውን ከለወጠው ስምዎን የማውጣት መብት። ብዙዎች ሁለተኛውን ይረሱታል፤ ጸብ የሚነሣው ግን እዚያ ላይ ነው። ለትምህርት ክፍልዎም ሥራውን በጽሑፍ ያሳውቁ።

ፖሊሲ ብሪፉ (ለባለሥልጣናት ምክር የሚሰጠው አጭር ጽሑፍ) ከሁለት እስከ አራት ገጽ ይበቃዋል። የታሪክ ሰው ማስረጃውን ደርድሮ መደምደሚያውን መጨረሻ ላይ ማምጣት ይወዳል፤ ሥራ የበዛበት ባለሥልጣን ግን ከመጀመሪያው አንቀጽ ላያልፍ ይችላል። ምክሩ እዚያው ይግባ፣ የቤተ መዛግብት ማስረጃው ወደ ግርጌ ይውረድ።

ትልቁ ሥራ የዛሬውን ጉዳይ ካለፈው ታሪክ ጋር ማነጻጸሩ ነው። «ይህ ልክ እንደ ሙኒክ ነው» የሚል ሰው በየስብሰባው አይጠፋም፤ ብሪታንያና ፈረንሳይ በ1938 እ.ኤ.አ. የቼኮስሎቫኪያን መሬት ለሂትለር የለቀቁበትን ስምምነት ማለቱ ነው። ወረቀቱን ለሁለት ይክፈሉ፤ በአንዱ ወገን የሚመሳሰለውን፣ በሌላው የሚለየውን ይጻፉ። በ1956 እ.ኤ.አ. የግብፁ ፕሬዚዳንት ናስር የስዊዝ ቦይ ኩባንያን ሲወርስ፣ የብሪታንያው ጠቅላይ ሚኒስትር ኤደን ነገሩን በ1930ዎቹ አምባገነኖች መነጽር አየው። የሚለየውን ረድፍ ቢሞሉት ኖሮ እንዲህ ይነበብ ነበር፦ ሂትለር በ1938 የጠየቀው የሌላ አገር መሬት ነው፤ ናስር የወረሰው በራሱ ምድር ያለ ኩባንያ ነው፣ ለባለአክሲዮኖችም ካሳ እከፍላለሁ ብሏል። የልዩነቱ ረድፍ ከተመሳሳይነቱ ካጠረ ገና አልጨረሱም ማለት ነው። ደግሞ አንድ ምሳሌ ብቻ አያቅርቡ፤ አንድ ብቻ ከሆነ አንባቢው እንደ ትንቢት ይወስደዋል።

ዝግ ውይይቶች ብዙ ጊዜ የሚካሄዱት በቻተም ሃውስ (በለንደን ያለ የውጭ ጉዳይ ጥናት ተቋም) ደንብ ነው። ደንቡ በ1927 እ.ኤ.አ. የወጣ ሲሆን፣ የሰሙትን መጠቀም ይፈቅዳል፤ የተናጋሪውን ማንነትም ሆነ የሚሠራበትን ድርጅት መግለጽ ግን ይከለክላል። ለታሪክ ጸሐፊ ይህ ያስቸግራል፣ ምንጩ የማይጠቀስ መረጃ ግርጌ ማስታወሻ ላይ አይገባምና። የሰሙትን እንደ ፍንጭ ይያዙት፤ ከዚያ ሰነዱን ይፈልጉ ወይም ሰውዬውን ከስብሰባው ውጭ በስም ለመጠቀስ ፈቃደኛ መሆኑን ይጠይቁት።

ረቂቁን ሲልኩ የላኩትን ቅጂ ከነቀኑ ያስቀምጡ። አርትዖቱ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያዩት «ምናልባት»፣ «በከፊል» የሚሉት ቃላት መኖራቸውን ይሁን፤ ጽሑፉን ለማሳጠር ሲባል ቀድመው የሚሰረዙት እነሱ ናቸው።