ከባህር ዳር ሱ ፎልስ ስንት ሰዓት ነው? ቤተሰብ ለምታመጡ አዲስ ገቢዎች

ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ አዲስ ገብታችሁ እናት ወይ ሚስት ከባህር ዳር ለማምጣት ትኬት የምታዩ ልጆች ይቺን ሳታነቡ እንዳትከፍሉ። ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ ኤርፖርት እስከ ሱ ፎልስ በቀጥታ መስመር ቢለካ 12,300 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ግን በዛ መስመር የሚበር የለም። ባህር ዳር ቦሌ፣ ቦሌ ዋሽንግተን ዱለስ፣ ከዛ ቺካጎ፣ ከዛ ሱ ፎልስ እያላችሁ ስትደምሩት 13,500 ይጠጋል።

ጣናን ለቆ ቦሌ ለመድረስ 1 ሰዓት ገደማ ነው፣ በመኪና በዓባይ በረሃ ከሆነ ግን ቀኑን ሙሉ ነው። ከባዱ ከቦሌ ዱለስ ያለው ነው፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ይላል፣ አውሮፕላኑ ነዳጁን ጢም አድርጎ ከነሰውና ሻንጣው መነሳት ስለሚከብደው ብዙ ጊዜ መሃል ላይ አርፎ ይቀዳል፣ ነፋሱም ከፊት ነው። ስለዚህ ሲመጡ 15 16 ሰዓት ይፈጃል፣ ሲመለሱ ግን ቀጥታ 13 ሰዓት አካባቢ ነው። ዱለስ ቺካጎ 2 ሰዓት፣ ቺካጎ ሱ ፎልስ አንድ ሰዓት ተኩል። አየር ላይ ብቻ 20 ሰዓት ሆነ፣ ከደጅ እስከ ደጅ ግን ከ30 በላይ አስቡ።

ሰው የሚደክመው አየር ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነው። ሻንጣው እስከ ሱ ፎልስ ታግ ቢደረግም ዱለስ ላይ ፓስፖርት ጨርሶ፣ ሻንጣ ራሱ አንስቶ፣ በጉምሩክ አልፎ መልሶ ማስረከብ ግዴታ ነው፣ በተለይ በኢሚግራንት ቪዛ የሚገባ ሰው ሌላ ክፍል አስገብተው ያስቀምጡታል። ከ3 ሰዓት ያነሰ ትራንዚት በጭራሽ እንዳትቆርጡ፣ እኔ 4 ነው የምመርጠው። ሁሉም በአንድ ትኬት ይሁን፣ የባህር ዳሩን ለብቻ ከቆረጣችሁ አንዱ ሲዘገይ ሌላው አይጠብቅም፣ ኪሎውም በሀገር ውስጥ ሂሳብ ነው የሚታየው። በርበሬና ሽሮ ችግር የለውም፣ ለጉምሩክ አሳውቁ፣ ቋንጣ ግን ይወረሳል።

ደሞ ሰዓት አቆጣጠር! ትኬቱ ላይ 07:00 ካለ ጧት 1 ሰዓት ማለት ነው፣ ቤት ያሉት ግን ቁጥሩን እንዳለ 7 ሰዓት ብለው ያነቡትና አውሮፕላኑ ከሄደ በኋላ ኤርፖርት ይደርሳሉ። ደውላችሁ በኛ አቆጣጠር፣ ቀኑንም በኢትዮጵያ፣ ወረቀት ላይ አስጽፏቸው። ሱ ፎልስ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ መጋቢት መጀመሪያ 9 ሰዓት፣ ሌላውን ጊዜ 8 ሰዓት ከኢትዮጵያ ወደኋላ ነው።

እንግሊዝኛ ለማትችል እናት ጉልበቷ ደህና ቢሆንም ዊልቸር ጠይቁላት፣ ነጻ ነው፣ ትኬት ስትቆርጡ አስመዝግቡት፣ የሚገፋት ሰው ከበር በር ያደርሳታል፣ የሰልፉም ጣጣ ይቀላል። ስማችሁን፣ ስልካችሁንና የመጨረሻውን ኤርፖርት በእንግሊዝኛ ትልልቅ አድርጋችሁ ጽፋችሁ ፓስፖርቷ ውስጥ ይቀመጥ። እንጀራ አልቀረበም ብላ ጾሟን እንዳትውል ዳቦ ቆሎ ይያዝላት።

ከቺካጎ ወደ ሱ ፎልስ የቀኑን የመጨረሻ በረራ አትያዙ፣ ካመለጣት እስኪነጋ ቺካጎ ወንበር ላይ ናት፣ ከሰዓት በኋላ ያለውን ያዙ፣ ያ ቢያመልጥ እንኳ የማታው ይደርስላታል።