ቅናሽ ተለጥፎ ደንበኛ ሳይገዛ ሲወጣ፦ ችግርና መፍትሄ

ትርፋችሁን አስልታችሁ፣ ዕቃውን ቆጥራችሁ ነው ቅናሹን ያወጣችሁት ብዬ ልነሳ። በሩ ላይ "ታላቅ ቅናሽ" ተለጥፏል። ሰው ይገባል፣ ያያል፣ ይወጣል።

ችግር፦ ደንበኛው ዕቃውን ካሸር ጋ አድርሶ ጥሎት ይሄዳል

ሱቆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጠሩኝ ለዚህ ነው። መንስኤው 15 በመቶው ቫት ነው። አንድ ጫማ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። ታጉ ላይ 4,000 ብር ተሰርዞ ከጎኑ በቀይ 3,000 ተጽፏል። 25 በመቶ ቅናሽ ማለት ነው። ሴትየዋ ለካችው፣ ወደደችው፣ ብሩን ቆጥራ ያዘች። ካሸሩ 3,000 መታ። ማሽኑ የተሞላው ቫት ከላይ እንዲጨምር ነበርና 3,450 አወጣ።

"እንዴ! 3,000 አይደል እንዴ የሚለው?"

"ቫት ነው እህቴ።"

ጫማውን ባንኮኒው ላይ ትታ ወጣች። ከኋላዋ የተሰለፉትም የያዙትን ታግ እያገላበጡ ማየት ጀመሩ። የበፊቱ 4,000 ቫትን የጨመረ ዋጋ ነበር። ስለዚህ የቀረበላት ቅናሽ 550 ብር ብቻ ነው፤ 13.75 በመቶ። 25 ብሎ ጠርቶ 13.75 መስጠት ሰው ያናድዳል።

መፍትሄው፦ 3,000ን ለ1.15 አካፍሉ። 2,608.70 ይመጣል። ማሽኑ ላይ የሚገባው ይሄ ነው። ቫቱ 391.30 ይሆንና ድምሩ 3,000 ላይ ያርፋል። ታጉ ላይም "ቫትን ጨምሮ" ብላችሁ ጻፉ።

እባካችሁ ከ3,000 ላይ 15 በመቶ አትቀንሱ! ይሄንንም ደጋግሜ አያለሁ። 2,550 ያስገባሉ፣ ደረሰኙ 2,932.50 ይላል፣ ከእያንዳንዱ ጫማ 67.50 ብር ከኪሳቸው ይሄዳል። ማታ ሂሳብ ሲጎድል ካሸሩን ይጠረጥራሉ።

ዋጋው መስተካከሉን ለማየት ብላችሁ የሙከራ ደረሰኝ አትቁረጡ፤ እንደ ሽያጭ ይመዘገባል። የገባውን ዋጋ ከታጉ ጋር በዓይን አስተያዩ፣ በካልኩሌተር አረጋግጡ። ማሽኑ የታሸገበትን ማኅተም ደግሞ "የሚያውቅ ልጅ አለ" ብላችሁ አታስነኩ። "ያለ ደረሰኝ በ3,000 ውሰጂው" የሚል ካሸር ካላችሁ ዛሬውኑ አስቁሙት።

ጠዋት ልክ የነበረው ዋጋ ከሰዓት ከተበላሸ ሺፍት ተቀይሯል ማለት ነው። አዲሱ ካሸር ስለ ቅናሹ የሰማው ከደንበኛው ነው። ዝርዝሩን አትማችሁ ማሽኑ አጠገብ ለጥፉ። በቃል መንገር አይበቃም።

ችግር፦ የቆየ ደንበኛ ታጉን አይቶ ይስቃል

ባለፈው ሳምንት 2,000 የነበረውን 2,800 አድርጋችሁ "ቅናሽ 2,100" ብላችኋል። የድሮው ዋጋ እኮ የራሳችሁ ቴሌግራም ቻናል ላይ ቁጭ ብሏል! ሰው ስክሪንሾት ይዞ ነው የሚመጣው። ለዚህ ቴክኒካዊ መፍትሄ የለኝም። እውነተኛውን ዋጋ ጻፉ።

ችግር፦ "እስከ 50 በመቶ" አይቶ ገባ፣ ተበሳጭቶ ወጣ

50 በመቶው ያለው ቁጥር 36 ሰንደል ላይ ብቻ ነው፤ የቀረው 5 በመቶ። የትኛው ዕቃ በስንት እንደቀነሰና የቀሩትን ቁጥሮች በር ላይ ጻፉ። ያልሄደ ዕቃ ማራገፍ ነውር የለውም፣ "የመጨረሻ ቁጥሮች" በሉት።

ችግር፦ "ቅናሽ አለ፣ ይጠይቁ" ተብሎ ማንም አይጠይቅም

ሰው ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ መውጣት ያፍራል። ዋጋ በሚታይ ቦታ መለጠፍ ደግሞ በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተጣለ ግዴታ ነው።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥም፦ በ20 በመቶው ላይ ሌላ 10 በመቶ ስትጨምሩ 28 ነው የሚሆነው። "30" ብላችሁ አትለጥፉ።

ቅናሹ ካለቀ በኋላ ሰው ከመጣ ፖስተሩ ላይ ቀን የለም፣ ወይም ቴሌግራም ላይ ፒን የተደረገው ማስታወቂያ አልተነሳም። የበዓል ቅናሽ ከሆነ የሚያበቃበትን ቀን በትልቁ ጻፉ፤ ማስታወቂያውንም በዚያው ማታ አንሱት።