ስለ ፔንግዊን ሕይወት እንዴት እናስተምር? ለሰሜን ሸዋ የአንደኛ ደረጃ መምህራን

ስለ ፔንግዊን ስናስተምር ብዙ ጊዜ የምንጀምረው «መብረር የማይችል ወፍ» ከሚለው መግለጫ ሲሆን ተማሪውም ይህንኑ ሸምድዶ ፈተና ላይ ይጽፈዋል። ወፉ በዚያ ብርድ፣ በዚያ ባሕር እንዴት ሊኖር እንደቻለ ግን ሳይጠየቅ ይቀራል። እኔ የምመክረው ልጆቹ በገላቸው ከሚያውቁት የአየር ጠባይ መነሣትን ነው። የሚያስተምሩት ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን ወይም በመንዝ ከሆነ በደቡብ ዋልታ፣ በአንታርክቲካ በረዶ ላይ ከሚኖረው ከንጉሠ ነገሥት ፔንግዊን ይጀምሩ፤ በሸዋ ሮቢት ወይም በአጣዬ ከሆነ ደግሞ ከአፍሪካው ፔንግዊን ቢጀምሩ ይሻላል።

በደጋው የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ፣ ውርጩ ከሣሩ ሳይለቅ በግቢው ውስጥ ያድርጉት። ልጆቹ ሹራባቸውን እንደለበሱ ይሁኑ፤ ማስበረዱ የትምህርቱ ዓላማ አይደለም። መጀመሪያ ተራርቀው ይቁሙ፣ ቀጥሎ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው አንድ ላይ ይሰብሰቡ፤ ከዚያም ነፋሱ የሚመታቸው ልጆች በዳር በኩል ቀስ እያሉ ዞረው ነፋስ ወደማይደርስበት ወገን ይሻገሩ። በአንታርክቲካ ክረምት ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ሲደርስ ወንዶቹ ፔንግዊኖች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ሙቀት አንዳንዴ እስከ 37 ዲግሪ ስለሚደርስ መሐል የነበረውም በተራው ወደ ዳር ይወጣል። ለምን እንደሚወጣ ልጆቹ ራሳቸው እስኪመልሱ ድረስ ይጠብቁ።

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የእንቁላሉ ርክክብ ነው። ሁለት ተማሪዎች ፊት ለፊት፣ የጫማቸው ጫፍ እስኪነካካ ተጠጋግተው ይቁሙና ልጅቱ በእግሮቿ ላይ ያስቀመጠችውን የጨርቅ ኳስ ያለ እጅ ለልጁ ታስተላልፍ። ተረከዟን አንሥታ የጫማዋን ጫፍ ስታዘቀዝቅ ኳሱ ብዙውን ጊዜ በሁለቱ መካከል ሾልኮ ይወድቃል፤ መሬት ከነካ እንቁላሉ በረዶው ላይ ደርቋል ማለት ነውና ከአዲስ ይጀምሩ። ርክክቡ ከተሳካ በኋላ ታሪኩን ይንገሩ። እናቲቱ አንድ እንቁላል ብቻ ጥላ፣ ለአባቱ አስረክባ፣ ምግብ ፍለጋ ወደ ባሕር ትሄዳለች። አባት እንቁላሉን በእግሩ ላይ አድርጎ፣ በሆዱ ሥር ባለው የቆዳ እጥፋት ሸፍኖ 65 ቀን ያህል ይታቀፈዋል። ለመራባት ከባሕር ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ሲቆጠር 115 ቀን ያህል ሳይበላ ስለሚቆይ ግማሽ ሊሆን ጥቂት የቀረውን ክብደቱን ያጣል። ጫጩቱ እናቱ ሳትመለስ ከተፈለፈለ፣ ያ የተራበ አባት ከጉሮሮው የሚያመነጨውን ወተት መሰል ፈሳሽ ይመግበዋል። ጎጆ ስለሌላቸው እናቲቱ ባሏን በሺዎች መካከል የምታገኘው በድምፁ ነው።

ገላቸውን ከብርድ የሚጠብቀው ምን እንደሆነ ለማሳየት ሁለት ጥንድ ፌስታል፣ የሚረጋ ዘይትና አንድ ባልዲ የማለዳ ውሃ ይበቃል። በአንደኛው ጥንድ ፌስታሎች መካከል ዘይቱን ወፈር አድርገው ይለቅልቁ፣ ሁለተኛውን እንዲሁ ይተዉት፤ ተማሪው ሁለቱንም እጆቹን አስገብቶ ውሃው ውስጥ በአንድ ጊዜ ያጥልቅ። ልዩነቱ ወዲያው ይታወቀዋል። ነገር ግን ትምህርቱ በስብ ብቻ እንዳይቀር ይጠንቀቁ። ስቡ ለጾሙ ጊዜ ስንቅ፣ በውሃ ውስጥም መከላከያ ነው፤ በየብስ ላይ ዋናው መከላከያ ግን እጅብ ብሎ የበቀለው ላባ ሲሆን የሚሠራውም እንደ መንዝ ባና አየር ይዞ በማስቀረት ነው። ከጅራቱ ሥር ካለው ዕጢ በምንቃሩ እየወሰደ የሚቀባው ቅባት ደግሞ ላባውን ከመርጠብ ይጠብቀዋል። አሮጌው ላባ በዓመት አንድ ጊዜ በአንድነት ሲረግፍ፣ አዲሱ እስኪተካ ለሳምንታት ባሕር መግባትና መብላት አይችልም።

በቆላው ያለ ልጅ ግን ስለ በረዶ ቢነገረው ሩቅ ተረት ይሆንበታል። የደቡብ አፍሪካና የናሚቢያ ዳርቻዎች ነዋሪ የሆነው የአፍሪካው ፔንግዊን ችግሩ ሙቀት ነው፤ ከዓይኑ በላይ ባለው ላባ የሌለው ሮዝ ቆዳ ደም እያሳለፈ ገላውን ያቀዘቅዛል፣ እንቁላሉንም ከፀሐይ ለመከለል ጉድጓድ ይምሳል ወይም ቁጥቋጦ ሥር ይጥላል። ምግቡ የሆኑት ሰርዲንና አንቾቪ በመመናመናቸው ቁጥሩ ከ10,000 ጥንድ በታች ወርዶ፣ በ2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2024) ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተመድቧል። በየትኛውም ወረዳ ቢያስተምሩ ይህን ክፍል አይዝለሉት፤ የገዛ አህጉራችን ወፍ ነውና።

በየሥዕሉ ከፔንግዊን ጋር ቆሞ የሚታየውን ነጭ ድብም ያርሙ፤ ድቡ በሰሜን ዋልታ፣ ፔንግዊኑ በደቡብ ስለሚኖሩ አይገናኙም።

በመጨረሻ የንጉሠ ነገሥት ፔንግዊንን ዓመት በእኛው ወራት ጽፈው ግድግዳ ላይ ይለጥፉ። የእነርሱ ክረምት ከእኛ ክረምት ጋር ስለሚገጥም ነገሩ በቀላሉ ይያዛል፦ በመጋቢትና በሚያዝያ ይሰባሰባሉ፣ በግንቦት እንቁላሉ ይጣላል፣ ተማሪዎቹ ለክረምት ዕረፍት በሚበተኑበት በሰኔ መጨረሻ አባት እንደታቀፈ ነው፣ በሐምሌ ጫጩቱ ይፈለፈላል፣ ትምህርት ሲከፈትም ወላጆቹ እየተፈራረቁ ይመግቡታል። ውሃ የማያስገባው ላባው በቅሎ ባሕር የሚገባው በታኅሣሥ አካባቢ በመሆኑ፣ በረዶው እስከዚያ ድረስ ሳይሰበር መቆየት አለበት። በ2022 እ.ኤ.አ. በአንታርክቲካው የቤሊንግስሃውሰን ባሕር በረዶው ቀድሞ በመሰባበሩ፣ ከአምስት መንጋዎች በአራቱ ጫጩቶቹ መትረፋቸውን የሚያሳይ ምልክት አልተገኘም። በኅዳር ላይ ይህን በቀይ ቀለም ያመልክቱበት።