ረጅም የአማርኛ ጽሑፍ በድረ ገጽ ቅጽ ስንቀበል ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በመሀል ሜዳ የሚኖሩ አንድ መምህር የመንዝ ሽማግሌዎች የነገሯቸውን የአካባቢ ታሪክ ለሳምንታት ሲተይቡ ቆይተው በድረ ገጽ ቅጽ ላኩልን፤ ገጹም «ጽሑፍዎ ደርሶናል» ብሎ መለሰላቸው። ደብረ ብርሃን ላይ መዝገቡን ስንከፍተው ግን ትረካው በአንድ ዐረፍተ ነገር መካከል ተቋርጦ አገኘነው። ሰው የደከመበትን ጽሑፍ ተቀብሎ ከፊሉን መጣል ከባድ በደል ነው።

ለዚህ የዳረገን ዋነኛ ስህተት ፊደልንና ባይትን (የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያን) እኩል አድርጎ መቁጠር ነው። ፊደላትን በባይት በሚያስቀምጠው የዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ፣ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፤ አራት ነጥቡም እንዲሁ። በማይኤስኪውኤል ዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ ፕሮግራም) «ቴክስት» የሚባለው ዓምድ 65,535 ባይት ብቻ ስለሚችል፣ ለእንግሊዝኛ ሰፊ የሚመስለው ቦታ በአማርኛ ከ22 ሺህ ፊደላት ብዙም ሳይርቅ ይሞላል። ከልክ ያለፈን ጽሑፍ የሚያግደው የዳታቤዙ ጥብቅ ቁጥጥር ከተዘጋ ደግሞ ትርፉ ጽሑፍ ተቆርጦ ሲቀር ላኪው ምንም አያውቅም። መፍትሔው ዓምዱን እስከ 16 ሜጋባይት ወደሚችለው «ሚዲየምቴክስት» መለወጥና ጥብቅ ቁጥጥሩን ፈጽሞ አለመዝጋት ነው።

ሁለተኛው ስህተት ቅጹን በ«ጌት» መንገድ መላክ ነው። በዚህ መንገድ ጽሑፉ በአድራሻው ውስጥ ስለሚገባና እያንዳንዱ ባይት በሦስት ምልክት ስለሚጻፍ፣ አንዱ የግዕዝ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል፤ ድረ ገጹን የሚያስተናግደው አፓቺ ሰርቨር ቅንብሩ ካልተለወጠ በቀር ከ8,190 ባይት የበለጠ መስመር ስለማይቀበል፣ 900 ፊደል ገደማ ላይ እንቢ ይላል። ጽሑፉን ከአድራሻው ለይቶ የሚልከውን «ፖስት» መጠቀም ግድ ነው።

ሦስተኛው፣ አንዱን ገደብ አስፍቶ ሌላውን መርሳት ነው። ሌላው ሰርቨር ኢንጂንኤክስ ቅንብሩን ካልነኩት ከ1 ሜጋባይት በላይ የሆነውን ሁሉ በ413 ስህተት ይመልሳል። ቅጹን የሚቀበለው ፕሮግራም የሚጻፍበት ቋንቋ ፒኤችፒ በበኩሉ፣ ቅንብሩ ካልተለወጠ ከ8 ሜጋባይት ሲያልፍ ቅጹን ባዶ አድርጎ ስለሚያቀርበው፣ ፕሮግራሙ ብዙ የጻፈውን ሰው «እባክዎ ጽሑፍ ያስገቡ» ይለዋል። የመጣውን መጠን አስቀድሞ መርምሮ እውነተኛውን ምክንያት መንገር ይገባል።

አራተኛው፣ ላኪው ጽሑፉን በአንድ ጊዜ ጽፎ ይጨርሳል ብሎ ማሰብ ነው። በፒኤችፒ የተለመደው የመግቢያ ቆይታ 1,440 ሰከንድ፣ ማለትም 24 ደቂቃ ነው፤ ሰውየው ግን ሰዓታት ይተይባል፣ በመካከሉም መብራት ይሄዳል። ስለዚህ ረቂቁ በየጥቂት ሰከንዱ በራሱ ማሰሻ ውስጥ ይቀመጥ። በኢንተርኔት ቤት ኮምፒውተር ላይ ቀጣዩ ተጠቃሚ እንዳያነበው ደግሞ፣ መድረሱ እንደተረጋገጠ ይጥፋ።

ኔትወርክ ሲዘገይ ሰው የመላኪያውን ቁልፍ ደጋግሞ ስለሚጫን፣ ለእያንዳንዱ ቅጽ የራሱ መለያ ቁጥር ሰጥቶ ድግግሞሹን ማስቀረት ያስፈልጋል።

«ደርሶናል» የሚለው ቃልም ጽሑፉ ከዳታቤዙ ተመልሶ ከመነበቡ በፊት መውጣት የለበትም። እኛ አሁን ከዚህ ቃል ጋር የፊደላቱን ብዛትና የተመዘገበውን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር ለላኪው እናሳያለን።