ቴፑ ካሴት ሲበላ፣ ሲዲው ዝም ሲል፣ ራዲዮው ሲንጫጫ

ሲዲ፣ ካሴትና ራዲዮ በአንድ የያዘው ባለእጀታ ቴፕ ደሴም ወልድያም፣ ሐይቅም ከሚሴም ከቁም ሳጥን ላይ ገና አልወረደም። ዘፈኑማ ስልክ ላይ ሞልቷል። ቴፑ የሚጠበቀው ስልክ ላይ ለሌለው ነው፤ ከጅዳ በሰው እጅ ለተላከ የድምፅ ደብዳቤ፣ ለሠርግ ቅጂ፣ በመውሊድ ሌሊት ለተቀዳ መንዙማ፣ ለአያት ድምፅ። እንዲህ ያለው ካሴት አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛ ቅጂ የለውም። ስለዚህ ምንም ዓይነት ብልሽት ሲታይ የመጀመሪያው ሥራ ካሴቱን ማውጣት ነው። ሙከራው ቢበላሽ በማያሳዝን ካሴት ይሁን። ካቻቢቴም ለመጨረሻ ይቆይ፤ ብዙው ችግር ከኃይል፣ ከማዞሪያ ወይም ከቆሻሻ ስለሚመጣ ሳይከፈት ይድናል።

ጭራሽ አይነሳም

ድንጋዩ አዲስ ሆኖ ቴፑ ካልነሳ ጀርባውን እዩ። ገመዱ ከግድግዳው ተነቅሎ ከቴፑ ግን ካልተነቀለ፣ ብዙዎቹ ቴፖች በድንጋይ አይሠሩም፤ የገመዱ ጫፍ ቀዳዳው ውስጥ ሲገባ የድንጋዩን መስመር የሚቆርጥ ማብሪያ ማጥፊያ ውስጡ አለ። መብራት በጠፋ ማታ ባለሱቁ «የማይረባ ድንጋይ ሸጠልኝ» ተብሎ የሚታማው አንዳንዴ በዚህ ነው። ገመዱን ከቴፑም ንቀሉት።

እሱ ካልሆነ ድንጋዮቹን አውጥታችሁ አቀማመጣቸውን እዩ። 6 ትልልቅ ድንጋይ 9 ቮልት፣ 8 ደግሞ 12 ቮልት ይሰጣል፤ አንዱ ከተገለበጠ ወይም ከሞተ ሌሎቹንም ይዟቸው ይወርዳል። አሮጌና አዲስ አትቀላቅሉ። ድንጋይ ፀሐይ ላይ ማስጣት ለጥቂት ጊዜ ነፍስ ይዘራበታል፣ አልክድም፤ ግን የሞቀ አሮጌ ድንጋይ ያፈሳል፣ ያፈሰሰውም ሽቦውን ይበላል። ሽቦው ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካያችሁ በደረቅ ብሩሽ አራግፉት፣ አልኮል በነካ ጥጥ ጥረጉት፣ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት።

ከዓረብ አገር የመጣ ቴፕ ከመሰካቱ በፊት ጀርባው ወይም ሆዱ ላይ ያለችው የቮልት መምረጫ ትታይ። ሳዑዲ ውስጥ በቤቶች ለረጅም ዘመን 127 ቮልት ሲሠራበት ስለኖረ መምረጫዋ «110–127» ላይ ቆማ ልትመጣ ትችላለች። እንዲያው እዚህ 220 ላይ ከተሰካ ፊውዙ፣ ዕድል ከጠመመም ትራንስፎርመሩ ይቃጠላል። የቃጠሎ ሽታ ከመጣ ደግማችሁ አትሰኩት፤ ወደ ጠጋኝ ውሰዱት።

መብራት ባልገባበት ቀበሌ ቴፑን ከሶላር ባትሪ ጋር የምታገናኙ ደግሞ ሁለት ነገር አረጋግጡ። ቴፑ 9 ቮልት ከጠየቀ 12 አትስጡት። ከቀዳዳው አጠገብ የተሣለችውን የመደመርና የመቀነስ ምልክትም እዩ፤ የመሐሉ ነጥብ በአንዱ ቴፕ መደመር፣ በሌላው መቀነስ ነው። ተገልብጦ ከገባ የውስጡ ዕቃ ሊቃጠል ይችላል።

ራዲዮው ይሰማል፣ ሲዲው ግን አይዞርም

ይህ የድንጋይ ማለቅ ምልክት ነው። ድንጋይ ሲደክም መጀመሪያ እጅ የሚሰጠው ሲዲው ነው፤ ሞተሩም ሲዲውን የሚያነበው ጨረርም ብዙ ኃይል ይፈልጋሉ። ቀጥሎ ካሴቱ ይንቀራፈፋል። ራዲዮው በጥቂት ኃይል ስለሚሠራ መጨረሻ ድረስ ይቆያል። በመብራት ሞክሩት፤ ሲዲው ከዞረ ብልሽት የለም።

ካሴቱ ይዞራል፣ ድምፅ የለም

የላይኛው መምረጫ ሲዲ ወይም ራዲዮ ላይ ቀርቶ ይሆናል፤ ወደ ቴፕ መልሱት። የጆሮ ማዳመጫ ተሰክቶ ከነበረ ቀዳዳው ውስጥ ያለው ምላስ ተጣብቆ ስፒከሩን እንደዘጋ ቀርቶ ይሆናልና መሰኪያውን ደጋግማችሁ አስገቡ፣ አውጡ። ድምፅ መጨመሪያው ሲዞር የሚንኮሻኮሽ ከሆነ አቧራ ገብቶበታል፤ ቴፑን አጥፍታችሁ ከጫፍ እስከ ጫፍ ብዙ ጊዜ አዙሩት።

ድምፁ ታፍኗል፣ ከብርድ ልብስ ሥር የሚመጣ ይመስላል

እዚህ ላይ ዘርዘር ልበል፤ ወሎ ቤት ውስጥ ይህ ችግር መነሻ አያጣም። ቡና በተፈላ ቁጥር ዕጣን ይጨሳል፣ ዱዓ ሲደረግም እንዲሁ። ጭሱ የሚያርፈው ድምፁን ከክሩ ላይ በሚያነበው ብረት፣ በሄዱ ላይም ነው። ከካሴቱ ክር የሚረግፈው ቡናማ ዱቄት ሲታከልበት ክሩና ሄዱ መነካካት ያቅታቸዋል፤ መጀመሪያ የሚጠፋውም ቀጭኑ ድምፅ ነው።

ቴፑን ከመብራት ንቀሉ፣ ድንጋዩንም አውጡ። የካሴቱን በር ከፍታችሁ ባዶውን ፕሌይ ተጫኑ፤ ቁልፉ ሜካኒካል ከሆነ ሄዱ ወደ ፊት ብቅ ይላል። የሚያብረቀርቀው ብረት እሱ ነው። ከጎኑ ቀጭን የብረት ዘንግ አለ፣ ዘንጉ ላይ ደግሞ ጥቁር ጎማ ይጫነዋል። የጆሮ ጥጥ ከፋርማሲ በገዛችሁት አልኮል ነከር አድርጉና ሄዱን እሹት፤ ቡናማ እያነሳ ይመጣል። ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ቀይሩ። ዘንጉንም እንዲሁ። ጎማውን ግን በትንሹ በረጠበ ጨርቅ እያዞራችሁ ጥረጉት፤ አልኮል ሲበዛበት ጎማ ይደርቃል። ሁሉም በደንብ እስኪደርቅ ካሴት አታስገቡ። የእጅ ሳኒታይዘር አይሆንም፣ ውስጡ ያለው ማለስለሻ ሄዱ ላይ ይቀራል። አረቄም አይሆንም፤ ገሚሱ ውኃ ነው።

ሄዱ ጸድቶ አንድ ካሴት ብቻ ታፍኖ ከቀረ፣ ያ ካሴት የተቀዳው ሄዱ ዘንበል ባለ ሌላ ቴፕ ሊሆን ይችላል። ከሄዱ ጎን ስፕሪንግ ያለባት ትንሽ ብሎን አለች። የነበረችበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉ፣ ካሴቱ እየተጫወተ በቀጭን ካቻቢቴ ከሩብ ዙር ሳታልፉ ወዲያ ወዲህ አድርጓት። ለጆሮ ከመንዙማ ጭብጨባ የተሻለ መለኪያ አላውቅም፤ «ቡፍ» ይል የነበረው ጭብጨባ «ጧ» ማለት ሲጀምር ቦታው እሱ ነው። አድምጣችሁ ስትጨርሱ፣ የሚሻለውም በዚያው ወደ ስልክ ቀድታችሁ፣ ብሎኗን ወደ ምልክቷ መልሱ፤ አለዚያ ሌሎቹ ካሴቶች በተራቸው ይታፈናሉ።

ድምፁ ይጎተታል ወይም ይፈጥናል

የካሴት ክር በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር መሄድ አለበት። ፍጥነቱ በ6 በመቶ ያህል ቢቀንስ ዜማው ግማሽ ድምፅ ይወርዳል። ከአራቱ ቅኝቶች ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በገዛ አገሩ ስም ከሚጠሩበት ሕዝብ ጆሮ ይህን መደበቅ አይቻልም። በድንጋይ ብቻ ከተጎተተ ድንጋዩ ነው። በመብራትም ከተጎተተ ሌላ ካሴት አስገቡ፤ ሁለተኛው ደህና ከሆነ የመጀመሪያው ክር ተጨናንቋል፤ እስከ ጫፉ ወደ ፊት ወስዳችሁ መልሱት። ሁሉም ካሴት ከተጎተተ ሞተሩን ከመዘውሩ ጋር የሚያገናኘው ቀበቶ ላልቷል። ቀበቶው ጎማ ነው፤ ሳይሠራበት ብዙ ዘመን ከተቀመጠ እንደ ሬንጅ ቀልጦ መዘውሩ ላይ ይጣበቃል። ይህ ሲከፈት ብቻ የሚታይ ነውና ለጠጋኝ ስጡ፤ አሮጌው ከተገኘ ልኩ የሚወሰደው በእሱ ነው።

ካሴቱ ሲጀምር ደህና ሆኖ ወደ መጨረሻው እየፈጠነ ከሄደ ግን ቴፓችሁን አትውቀሱ። የሠርጉ ቀን የቀዳው ቴፕ ድንጋዩ እያለቀበት ነበር። እየተጎተተ የተቀዳ በትክክለኛው ፍጥነት ሲሰማ ይፈጥናል። ወደ ኮምፒውተር ቀድቶ እዚያ ፍጥነቱን ከመቀነስ በቀር መድኃኒት የለውም።

ቴፑ ካሴት በላ

አትጎትቱ! አጥፉት፣ ከመብራት ንቀሉት፣ በሩን ክፈቱ። ክሩ ጎማው ላይ ከተጠመጠመ ጎማውን በጣት ወደ ኋላ እያዞራችሁ ፍቱት። ካሴቱ ሲወጣ ክሩን ሳትጠመዝዙ አስተካክሉና ባለጠርዝ ቢክ እስክሪብቶ ጥርሱ ውስጥ ከትታችሁ አጠንጥኑት። የተጨማደደው ቦታ ድምፁ ሊንቀጠቀጥ ይችላል፣ ያልተበጠሰ ግን ይሰማል።

መንስኤው ብዙ ጊዜ የቆሸሸ ጎማ ነው፤ ከላይ እንዳልኩት ጥረጉት። ካልዳነ ክር ተቀባዩን ጥርስ በማያሳዝን ካሴት ተመልከቱ፤ እየቆመ የሚሄድ ከሆነ የገባውን ክር የሚሰበስብ የለም፣ ያ ደግሞ ቀበቶ ነው። ባለ 120 ደቂቃ ካሴት ከሆነ ክሩ ራሱ ቀጭን ነው፣ የባለ 60ውን ግማሽ ውፍረት ነው ያለው፤ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በፍጥነት አታመላልሱት።

ከተበጠሰ ሁለቱን ጫፎች በምላጭ በአንድ ላይ ሰያፍ ቁረጡ፣ ሳይደራረቡ አጋጥሟቸው፣ ወደ ካሴቱ ውስጥ በሚዞረው ገጽ በኩል ብቻ ለጥፉ። ተራ ፕላስተር ሙጫው እያደር ስለሚወጣ አንዴ ለመቅዳት ካልሆነ አያገለግልም። ክሩን ከጀርባው ሄዱ ላይ የሚገፋው ትንሽ ስፖንጅ ወድቆ ከሆነ ድምፁ ሲመጣ ሲሄድ ይውላል፤ ብሎን ያለው ሌላ ካሴት ፈትታችሁ ክሩን ከነመጠቅለያው አዛውሩት። የክረምት እርጥበት ያገኘው ካሴት ክሩ ጠርዝ ላይ ነጭ ሻጋታ ካሳየ ጭራሽ አታጫውቱት፤ ሻጋታው ወደ ሄዱ፣ ከሄዱም ወደ ሌሎች ካሴቶች ይሄዳል።

ፕሌይ ሊል ሪከርድ የተጫነ ልጅ ያጠፋውን የሚመልስ ጠጋኝ የለም። የምትጠብቁትን ገጽ ወደ እናንተ፣ የክሩን አፍ ወደ ታች አድርጉና ከላይ በግራ በኩል ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ ስበሯት፤ ከዚያ በኋላ በዚያ ገጽ ላይ የሪከርድ ቁልፉ አይወርድም። ዛሬውኑ ስበሯት።

ሲዲው «ኖ ዲስክ» ይላል

ጽሑፉ ወደ ላይ መሆኑን፣ ክዳኑም «ቀጭ» ብሎ መዘጋቱን እዩ፤ ክዳኑ ካልገጠመ ጨረሩ አይበራም። ከደሴ ብርድ ተነስታችሁ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ከገባችሁ ደግሞ ሌንሱ ላይ ጤዛ ሊያዝ ይችላል፤ ክዳኑን ከፍታችሁ አንድ ሁለት ሰዓት ጠብቁ፣ ሌላ ምንም አታድርጉ። አቧራ ከሆነ በመርፌ አልባ ስሪንጅ አየር ንፉበት፣ በአፍ አይደለም፣ ምራቅ ይረጫል። ከዚያ በደረቅ የጆሮ ጥጥ ሌንሱን ሳትጫኑ ዳሰስ አድርጉት። ጨረሩ ለዓይን አይታይም ግን ይጎዳል፤ በርቶ ሳለ አትመልከቱት።

ሲዲ የሚነበበው ከመሐል ወደ ዳር ነው። ስለዚህ መሐሉ አጠገብ የተጫረ ጭራሽ አይጀምርም፣ ዳሩ የተጫረ የመጨረሻዎቹን ዘፈኖች ይዘላል። ስትጠርጉትም አታዙሩ፤ ከመሐል ቀጥታ ወደ ዳር ጥረጉ። ጽሑፉ ያለበት ፊት ሲጫር ጉዳቱ ይብሳል፤ ድምፁን የያዘው ንጣፍ ከጽሑፉ ሥር ነው። ቤት ውስጥ የተቀዳ ሲዲ ሚኒባስ ፊት ለፊት ፀሐይ ላይ ከዋለ ቀለሙ ይሞታል፤ በኤምፒስሪ የተቀዳውን ደግሞ ቴፑ ላይ «ኤምፒስሪ» ካልተጻፈ ማሽኑ አያውቀውም።

ራዲዮው ይንጫጫል

በኤፍኤም አንቴናውን ወደ 75 ሳንቲ ሜትር አውጡት፤ ቴፑንም ወደ መስኮት አስጠጉት። የኤፍኤም ሞገድ ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ጦሳ ተራራ ሥር ወይም ገደል ጥግ ያለ ቤት ጥቂት ክንድ ቦታ ሲለውጥ ብቻ የሚጠራለት ጊዜ አለ። «ስቴሪዮ» የሚለውን ወደ «ሞኖ» ብትመልሱት ሽሽታው ይቀንሳል። መደወሪያው ከ76 ጀምሮ 90 ላይ ካለቀ ለጃፓን ገበያ የተሠራ ነው፤ የእኛ ጣቢያዎች ከ88 እስከ 108 ስለሆኑ ከጥቂቶቹ በቀር አይዝም።

በመካከለኛ ሞገድ የሚወጣው አንቴና ምንም አይረዳም፤ አንቴናው ውስጥ ነው፣ ቴፑን ሙሉውን አዙሩት። በቁጥር የሚፈልግ ቴፕ የኢትዮጵያ ራዲዮን 873 ትቶ 870 ላይ ከቆመ ጣቢያ ሲፈልግ የሚዘለው እርምጃ በአሜሪካው ልክ 10 ኪሎኸርዝ ላይ ነው፤ ጀርባው ላይ ያለችውን ማዞሪያ ወደ 9 መልሱ። ማታ ማታ የሚጀምር ግርርታ ካለ ቴፑን በድንጋይ አድርጋችሁ የስልክ ቻርጀሩን፣ የኤልኢዲ አምፖሉን፣ የሶላሩን መቆጣጠሪያ አንድ በአንድ አጥፉ። የትኛው ሲጠፋ ግርርታው እንደቆመ ካወቃችሁ ቴፑን ከእሱና ከሽቦው አርቁ።