አር ላይ የማይታዩ ስህተቶች፦ ችግርና መፍትሄ

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሌሊቱ ከዜሮ በታች የሚወርድበት ጊዜ አለ፤ ውርጩ ገብሱንም ባቄላውንም ይመታል። እዚህ የአየር ጠባይ መረጃ አር (R) በሚባለው የስታትስቲክስ ኮድ መጻፊያ ቋንቋ የሚሠራ ሰው ከኔጌቲቭ ቁጥር አያመልጥም። ጣጣውም ከዚያ ይጀምራል።

ችግር፦ የውርጭ ሌሊቶችን ስትቆጥሩ መልሱ አልዋጥ ይላችኋል።

የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራ አንዲት ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ መጣች። «ጋሼ፣ በሦስት ወር ውስጥ ከ-2 በታች የወረደው ሁለት ሌሊት ብቻ ነው ይለኛል። እኔ እንኳን የተንቀጠቀጥኩት ከዚያ ይበልጣል!» የድምር ፈንክሽኑ ቅንፍ ውስጥ የጻፈችው ይሄ ነበር፦

ሙቀት<-2

ምክንያት፦ አር ሁለቱን ምልክቶች ተጣብቀው ሲያገኛቸው ቀስት አድርጎ ያነባቸዋል። ቀስት ማለት «በቀኝ ያለውን በግራ ላለው ስም ስጥ» ነው። እሷ «ሙቀቱ ከ-2 ያንሳል?» ብላ የጠየቀች መስሏታል። ያዘዘችው ግን «ሙቀትን 2 አድርገው» ብላ ነው። አደረገው። የ2 ድምር ደግሞ 2 ነው። ቀይ ጽሑፍ የለ፣ ማስጠንቀቂያ የለ። ይባስ ብሎ የሦስት ወሩ መረጃ ሄዶ ሙቀት የሚለው ስም አንዲት ቁጥር ብቻ ይዞ ቀርቷል።

መፍትሄ፦ መጀመሪያ ፋይሉን እንደገና አንብቡ። ከዚያ ክፍተት ጨምሩ፦

ሙቀት < -2

ቀስቱን ስትፈልጉት ደግሞ የአር ኮድ በሚጻፍበት ፕሮግራም፣ በአርስቱዲዮ፣ ላይ አልትንና የመቀነስ ምልክቱን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ግራና ቀኙን ክፍተት ራሱ ይጨምራል። የኮድ አጻጻፍ የሚያስተካክለው ስታይለር የሚባለው ፓኬጅ ያድነኛል እንዳትሉ። የተጣበቀውን ሲያገኝ «ሙቀት <- 2» አድርጎ ያሰማምረዋል፤ ስህተቱ ያው ስህተት ነው። ቢያንስ ግን ዓይን ውስጥ ይገባል።

ችግር፦ «እንዲህ የሚባል ነገር የለም» ይላል፤ እናንተ ግን ስሙን እያያችሁት ነው።

ምክንያት፦ አር በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ስም ይቀበላል። ለጆሯችን ግን ዓመትና አመት አንድ ናቸው፤ ለአር ሁለት ናቸው። ፀሐይን ስንት ዓይነት አድርገን እንደምንጽፋት ደግሞ ታውቃላችሁ።

መፍትሄ፦ እኔ በበኩሌ አማርኛውን ለማብራሪያና ለግራፍ ርዕስ ትቼዋለሁ። ስሞቹን በላቲን ትንንሽ ፊደላት፣ በቃላቱ መካከል የሥር ሰረዝ (_) እያደረግሁ እጽፋለሁ። ትልቅና ትንሽ ፊደልም አር ላይ ይለያያል። በግዕዝ ካላችሁም አንዱን አጻጻፍ ይዛችሁ አትልቀቁ፤ ዊንዶውስ ላይ ከሆናችሁ ደግሞ በ2022 የወጣውን 4.2 ወይም ከዚያ በኋላ ያለውን አር ጫኑ።

ችግር፦ እናንተ ጋ የሚሠራው ኮድ መሐል ሜዳ ከተማ ያለው ጓደኛችሁ ጋ እምቢ ይላል።

የእናንተ ኮምፒውተር የፎልደር አድራሻ ኮዱ ውስጥ ተጽፎ ነው። ፕሮጀክት ክፈቱና ፋይሉን ከዚያ ጥሩ።

ችግር፦ የጎደለውን መረጃ ዝለል ብላችሁት፣ አማካዩ አሁንም ባዶ ይወጣል።

ምክንያት፦ «እውነት» የሚለውን የአር ቃል (TRUE) በአንዲት ፊደል፣ በቲ (T)፣ አሳጥራችሁታል። ሙሉው ቃል የተጠበቀ ነው፤ ቲ ግን ማንም ሊይዘው የሚችል ተራ ስም ነው። ከላይ የሆነ ቦታ የአንዱን ሌሊት ሙቀት ቲ ብላችሁ ሰይማችሁ ይሆናል። ያ ሌሊት -3 ከሆነ ምንም አትሰሙም፤ ዜሮ ያልሆነ ቁጥር ሁሉ ለአር እውነት ነው። ልክ ዜሮ የሆነ ዕለት ቲ ውሸት ይሆናል፤ «ዝለል» ያላችሁትም «አትዝለል» ሆነ ማለት ነው።

መፍትሄ፦ TRUE ብላችሁ አራቱንም ፊደል ጻፉ።